ጥሩ ተከራይ ሲታማ

ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ደላላ ሆኜ የቆምኩ ዕለት አለቃዬ አያ ተሻገር ቤት እንዳሳይ አልላከኝም። ሰው እንዳጣራ ነው የላከኝ። አንድ ሹፌር ቤት ሊቀይር ፈልጎ ነበርና «አሁን ያለበትን ግቢ ባለቤት ስለ ጠባዩ ጠይቀህ ና» አለኝ።

ባለቤቱ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ሹፌሩ ጨዋ፣ ኪራይ የማያሳልፍ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው አሉኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ተመልሼ ስነግረው አያ ተሻገር ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ የዋህ፣ ሊገላገሉት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ተከራይ ቢኖራቸው ለሰው ያሳልፉታል?»

ጎረቤት ስንጠይቅ ሹፌሩ እየሰከረ በር የሚደበድብ ሰው ሆኖ ተገኘ። የሥራው ዋና ትምህርት በመጀመሪያው ቀን ገባኝ ማለት ነው። ትምህርቱ ማንንም እንደማያድን የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የእኛ ሥራ ቁልፍ ይዞ መዞር ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አከራይ ከእኛ የሚፈልገው ሌላ ነው። ተከራዩ የማን ልጅ ነው፣ ምን ሠርቶ ይበላል፣ ዋስ አለው ወይ፣ ከነበረበት ለምን ይለቃል? መታወቂያና ዋስ ከተያዘ በኋላ ነገሩን የሚቆርጠው የቀድሞው አከራይ ቃል ነው። እሱ ክፉ ከተናገረ አበቃ።

እናኑ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እዚሁ ቅርብ ያለው የቁሐር ሚካኤል ገጠር ልጅ ናት። ባሏ ሲሞት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወረታ ገባች፤ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሩዝ እያበጠረች ታድራለች። የተከራየችው ታች ሰፈር እትየ ዘውዴ ግቢ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ከሜዳው ተነሥቶ እዚያ ሰፈር ይገባል። ባለፈው ክረምት ትንሹ ልጇ ደረቱን አፍኖት ከሞት ለጥቂት ነው የተረፈው።

«አያ አስናቀው፣ ዘንድሮስ ክረምቱ ሳይገባ ደረቅ ቤት ፈልግልኝ። ጠባብም ቢሆን ግድ የለኝም» አለችኝ።

አገኘሁላት። ከፍ ካለው ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ መሪጌታ ሐዲስ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ልጆች አሏት ስላቸውም ፊታቸውን አላጠቆሩም። «ካለችበት ቤት ጠይቅና ና» ብቻ አሉኝ።

እትየ ዘውዴ ዘንድ ስሄድ እናኑ ሥራ ላይ ነበረች። ግቢው ተጠርጎ፣ እንስራው ሞልቶ አገኘሁት። አሮጊቷን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ውሃ የምትቀዳላቸውም፣ ገበያ የምትወርድላቸውም እሷ ናት። ልትለቅ ማሰቧን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«እሷ? አይ ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርህ። ወንድ ይመላለስባታል። እኔማ ለልጆቿ አዝኘ ነው የታገሥሁ።»

ደሜ ፈላ። «የትኛው ወንድ ነው እትየ?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ!» ብለው በሩን ዘጉት።

ሥራዬ የሰማሁትን ማድረስ ነውና ለመሪጌታ አደረስኩ። ግን ዝም ብዬ አልወጣሁም። «የኔታ፣ ሴትዮዋ እንዲህ ያሉት ልጅቱ እንዳትወጣባቸው ነው። ክፉ ብትሆንማ አመስግነው ይሸኟት ነበር» አልኳቸው።

መሪጌታ ጢማቸውን እየነኩ አሰቡ። «ልትዋሽም ትችላለች፤ እግዜር ይወቀው። ነገር ግን ልጄ፣ እኔ ማኅሌት የምቆም ሰው ነኝ። ነገ ወሬው እውነት ሁኖ ቢገኝ ምን እላለሁ?»

ክፍሏን የድሮ አከራዩ አፋቸውን ሞልተው ላመሰገኑት ሰው ሰጧት።

እናኑን መፈልፈያው ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዷን መሬት አስቀመጠች።

«ዛሬ ጧት ራሳቸውን ሹሩባ ሠርቸላቸው ነው የወጣሁ» አለች።

«ሂጅና ፊት ለፊት ጠይቂያቸው!»

«ቢያስወጡኝስ? ልጆቹን ይዠ የት እገባለሁ?» ብላ ሰፌዷን አነሣች።

ክረምቱ ገባ፤ ውሃውም ገባ። የአልጋዋን እግር በጡብ ከፍ ያደረግኩላት እኔ ነኝ። ልጁ እንደገና ማሳል ሲጀምር እትየ ዘውዴ ወስደው ከራሳቸው አልጋ አስተኙት፤ ጋቢያቸውን ደረቡለት። ከልባቸው ነው፤ ልጁን ይወዱታል። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸ ነው።

ልወጣ ስል በር ላይ ያዙኝ። እናኑ ከኋላችን ከክፍሏ ውሃውን በጣሳ እየጠለቀች ትደፋለች።

«አስናቀው፣ ከመስከረም ወዲያ ከእናኑ ጎን ያለችው ያችኛዋ ክፍል ባዶ ትሆናለች። ተከራይ አምጣልኝ» አሉኝ።

«እንዴት ያለ?»

«እንደ እናኑ ያለች ጨዋ ልጅ ነዋ! ሌላማ ምን ያደርግልኛል?»

አላመጣሁላቸውም።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይኸን ነው። ስለ ተከራይ ስትጠይቁ፣ የሚመልስላችሁ ሰው ተከራዩ ሲወጣ ምን እንደሚቀርበት አስቀድማችሁ እወቁ። የሚያምናችሁ ታገኛላችሁ ግን አልልም።