ከፎጣው ሥር የተፈተነው ሞተር

ጋሽ ሙሜን በሰው ፊት ሌባ ያላቸው ሰው ዛሬም በሐረር ከተማ ኮቱን ደርቦ፣ ሰላምታ እየተሰጠው ይሄዳል። የምሠራበት የመዝናኛ ክበብ ሥራ አስኪያጅ እንደሻው ነው። «አቶ» ብዬ ልጠራው አንጀቴ እምቢ ይላል። ነገሩ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እኔን ግን እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ጋሽ ሙሜ ሸዋ በር አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባባት በምትሞላ ሱቅ ውስጥ ሞተር ይጠግናሉ። የወፍጮ ቢሉ፣ የውሃ መሳቢያ ቢሉ፣ የስፌት መኪና ቢሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ነገር ሁሉ ሲታመም እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። አባታቸው የድሬ ጠያራ ሰው፣ የከብት ደላላ ነበሩ። በከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ሻጭና ገዢ እጃቸውን ፎጣ ሥር ከተው በጣት ይነጋገራሉ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ምንም አያውቅም። ጋሽ ሙሜ ከአባታቸው የወረሱት ይህን ጣት ነው። የታመመ ሞተር ሲሰጧቸው መጀመሪያ የትከሻ ፎጣቸውን ጣል ያደርጉበትና ዓይናቸውን ጨፍነው ዘንጉን በጣታቸው ያዞሩታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቀለሙን ካየሁ ይሸውደኛል» አሉኝ።

በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ክበቡ ከውጭ አገር የመኪና መጫወቻ አስመጣ። ረጅም ጠረጴዛ የሚሞላ ጥቁር መንገድ፣ በመንገዱ ላይ የተፈለፈለ ቀጭን ቦይ፣ ቦዩን ተከትለው በኤሌክትሪክ የሚከንፉ መዳፍ የማይሞሉ መኪኖች። መጫወቻ ነው ስላልኩ ለልጆች እንዳይመስላችሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤቱ ዳኛም ነጋዴውም ኮታቸውን አውልቀው ይፎካከሩበታል። እኔ ዙር ቆጣሪና ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። የመኪኖቹ ሞተር የተምር ፍሬ ያክላል። እንደሻው በተሸነፈ ቁጥር ጥፋቱ የሞተሩ ነውና «ይቀየር» ይላል፤ ደህናው ሞተር እንደ ሙዝ ልጣጭ ይጣላል። መለዋወጫው ሊያልቅ ሲል ኮሚቴው የትኛው መቀየር እንዳለበት ለይተው እንዲነግሩን ጋሽ ሙሜን ጠራ።

ሦስት ወር አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ማግኔቱ ደህና የሆነ ሞተር ዘንጉ ሲዞር ጣትን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። እሱን በፎጣው ሥር ካዳመጡ በኋላ ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኙትና የአምፔር መለኪያውን መርፌ ያያሉ፤ ምንም ሳይሸከም ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ሞተር ታሟል። በመጨረሻ ካርቦኑን ያወጣሉ። ካርቦን ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግር ጥቁር ቁራጭ ነው፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር እየተፋቀ ያልቃል። ካርቦን ካለቀ ካርቦን ብቻ ይቀየራል፣ ማግኔት ከደከመ ግን ሞተሩን በሙሉ። «ሞተር ስንት እንደሠራ ካርቦኑን ጠይቀው፣ እሱ አይዋሽህም» ይሉኝ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የጣሉት ሁለት ሞተር ብቻ ነው።

ከድሬዳዋ እንግዶች የመጡ ዕለት እንደሻው ለራሱ መኪና አዲስ ሞተር እንዲገጠም ጠዋት አዘዘ። ከታሸገው ካርቶን በገዛ እጄ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጋሽ ሙሜ ፎጣቸውን ጣል አድርገው አዞሩት፣ ደግመው አዞሩት፣ ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ይሄ አይይዝም፣ ለገሠ። ማግኔቱ ከፋብሪካው ደካማ ሆኖ ነው የመጣው። የድሮው ይሻለዋል።»

ባትሪው ላይ ሲያደርጉት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ጮኸ፤ መርፌውም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ወጣ። «ባዶውን ስለሆነ ነው የሚፎክረው» አሉ። «መኪናውን ሲሸከም ታየዋለህ።»

ሄጄ ለእንደሻው የተባለውን ነገርኩት። «አዲስ አዲስ ነው፤ ይግጠሙ» አለኝ። ገጠሙ።

መኪናው ገና ሦስተኛው ዙር ላይ ተንቀረፈፈ። እንግዶቹ ሳቁ። እንደሻው መኪናውን የሚነዳበትን መቆጣጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው፣ «አንተ ሰውዬ፣ አዲሱን ፎጣህ ሥር ደብቀህ አሮጌ ገጥመህልኛል» አላቸው። «ሲጀመርም ያ ፎጣ አላማረኝም ነበር። ሌባ ነህ።»

ሠላሳ ሰው ነበር አዳራሹ ውስጥ። ዳኛው ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ነውር ነው» አላለም።

ጋሽ ሙሜ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሞተሩን ፈትተው ሁለቱን ካርቦኖች አወጡና ዙር የምቆጥርበት ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጧቸው። ጫፋቸው ገና በቅጡ እንኳ አልተፋቀም። የሦስት ዙር ካርቦን ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ እንዳረፈበት ይለየዋል።

«ያረጀ ሞተር እንዲህ ያለ ካርቦን የለውም» አሉ። «ወላሂ፣ ይሄ ከካርቶኑ የወጣው ነው። ያወጣውም ለገሠ ነው፤ ካርቦንም ያውቃል። ንገራቸው፣ ልጄ።»

ሠላሳው ሰው ወደ እኔ ዞረ። እንደሻውም ዞረ፤ የቀጠረኝ እሱ ነው።

«እኔ እንኳን... በደንብ አላየሁም» አልኩ።

ጋሽ ሙሜ ብዙ አላዩኝም። «ሐስቢየላህ፣ አላህ ይበቃኛል» ብለው መፍቻዎቻቸውን ሰበሰቡ፣ ፎጣቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሸዋ በር ደረሰ። አንድ የወፍጮ ባለቤት ሞተሩን ሲያስጠግን እስኪያልቅ ድረስ ከራሳቸው በላይ መቆም ጀመረ። ዘቢባ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ ሃያ ዓመት የምታውቃቸው ደንበኛቸው፣ የስፌት መኪናዋን ብሎኖች ቆጥራ አምጥታ ቆጥራ ወሰደች። ጋሽ ሙሜም ፎጣውን ተዉት። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ እጃቸውን አላፊ አግዳሚው እያየው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይሠሩ ጀመር። ጥሩ ፍርድ የነበረው ያ ጣት መሳሳት እንደጀመረ ሰማሁ። ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው። እንደሻው የሰው ስም ብቻ ሳይሆን የሰው እጅም ነው የወሰደው።

በወሩ ሱቃቸው ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሞተሩ ያው ራሱ እንደነበር አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ለእኔማ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «የማያውቁት እነዚያ ናቸው። እሁድ እሁድ ሁሉም እዚያው ይሰበሰባሉ አይደል?»

አዎ አልኳቸው።

ይሄው አምስት ዓመት እንደሻውን ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ስረግም ኖሬያለሁ፤ ከእነዚያ ሰዎች ፊት በቀር። ባለፈው እሁድ ሁሉም ነበሩ፤ ዳኛውም እንደሻውም። እኔም ነበርኩ፤ ዙር ስቆጥር ዋልኩ።