ከሰልባጅ የገዛሁት ካፖርት

ከሰልባጅ የገዛሁት ካፖርት እውነተኛ የቀበሮ ፀጉር ነው። ጓደኛዬ «አይከብድሽም?» ብትለኝ፣ «እኔ አላስገደልኩት፤ የሞተ እንስሳ ሁለቴ አይሞትም» ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ባለፈው ክረምት እሱን ለብሼ ከቦሌ አራብሳ ወደ መድኃኔዓለም በታክሲ ስሄድ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸው ድንገት እጅጌዬን ሲነካ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ሳለፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዳስሰው ይከፋሻል?»

«ኧረ ይዳስሱት አባባ» አልኳቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሲያየን አፈርኩ። እሳቸው ግን ፀጉሩን ገለጥ እያደረጉ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉ።

«ይቺ አንዷ ነች። እዚህ ጋ ሌላዋ ትጀምራለች።»

ከእጅጌዬ ጫፍ እስከ ክርኔ ብቻ ሦስት ቆጠሩ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ቀበሮ የለበስኩ ይመስለኝ ነበር።

ክርኔ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ጣቴን ያዙና ቀስ ብለው ፀጉሩ ውስጥ አስገቡት። ቆዳው ላይ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ጎን ለጎን ዳሰስኩ።

«ምንድን ነው አባባ?»

«ጡቷ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አጥብታበታለች።»