ታቅፈን የፈለፈልነው እሳት

በደንብ የምታውቁትን ነገር ባስረዳችሁ ቁጥር የሚሰማችሁ ሰው ይበልጥ እየተጠራጠረ ሄዶባችሁ ያውቃል? እኔ ደባርቅ የታሰርኩት እንዲህ ሆኖ ነው።

ዳባት አጠገብ ሳይንስ አስተምራለሁ። በትምህርት ቤታችን ግቢ እበትና ገለባ የሚብላላበት የባዮጋዝ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ጉልላቱን ገንብተን አፈር አለበስነው። ወቅቱ ክፉ ነበር። “መምህሩ መሬት ውስጥ ጋዝ ቀበረ” የሚል ወሬ፣ ፈንጂ የቀበርኩ አስመስሎ፣ ከእኔ ቀድሞ ደባርቅ ገባ። ታጣቂዎች መጥተው ሲወስዱኝ መኪናው ውስጥ ስለ እበት ማብራራት ጀመርኩ።

“ዝም ብትል ይሻልሃል” አለኝ አንዱ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

የታሰርንበት ክፍል የእህል መጋዘን ነበር። የአሮጌ ገብስና የእርጥብ ጆንያ ሽታ አለው። ብርዱ ከሲሚንቶው ተነስቶ አጥንት ይገባል። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበር፤ ከደረስጌ ወገን የመጡ ሽማግሌ ቄስና አንድ የዛሪማ ሾፌር።

በማግስቱ የታጣቂዎቹ አዛዥ አስጠራኝ። ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁት።

“ኩበት ሲነድ አይቻለሁ” አለ። “አንተ የምትለውን ግን አላየሁም። ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና እስኪመጣ አሳየኝ። ካልሆነ ከሚሄዱት ጋር ትጫናለህ።”

ወደዚያ የተጫነ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

እህቴ ቢጫ ጀሪካን፣ የብስክሌት ካላማዳሪያና የግሉኮስ ቱቦ አመጣችልኝ። እበቱ ከጎረቤት በረት ተገኘ። የበዓል ሰሞን ስለነበር ለጠባቂዎቹ ከታረደው በሬ ፈርሱን ለመንኩ፤ ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያን በበሬ ሆድ ውስጥ ስላሉ እንደ እርሾ ያገለግላል። ሁሉንም ጀሪካኑ ውስጥ በጥብጬ ከደንኩና፣ ጋዙ እንዲጠራቀምበት ካላማዳሪያውን በቱቦው አገናኘሁት።

“ሥጋው እያለ ፈርስ ለመንክ?” አለ ሾፌሩ። “አሁን ገና ለምን እንዳሰሩህ ገባኝ።”

ችግሩ ብርዱ ነበር። ተሕዋስያኑ ሙቀት ካላገኙ አይሠሩም። ስለዚህ ጀሪካኑን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌው መተኛት ጀመርኩ።

“ዛሪማ ቢሆን ቆላው ራሱ ይፈለፍልልህ ነበር” አለ ሾፌሩ። “እዚህ ግን ታቀፍ እንግዲህ፣ እመት ዶሮ!”

ቄሱ ጀሪካኑን እያዩ “በዚህ እሳት የበሰለ ሽሮ ለጾም ይሆናል?” አሉ።

“አባ፣ ኩበቱስ ከበረት አይደል የሚመጣው?”

“ኩበት ፀሐይ ያየዋል፣ ልጄ።” ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። “ለማንኛውም ወዲህ በለው፤ የእኔ ጋቢ ይወፍራል።”

ከዚያ ወዲያ በተራ ታቀፍነው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ካላማዳሪያው አብጦ አገኘነው። ሾፌሩ በሩን ደበደበ። “አዛዡን ጥሩልን! ተፈለፈለ!”

አዛዡ ክብሪት ይዞ መጣ። እኔ ቱቦውን ከፍቼ ሁሉንም አስተነፈስኩት።

“ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!” ጮኸ ሾፌሩ።

“የመጀመሪያው አይነድም” አልኩ። “አየርና የማይነድ ጋዝ ይበዛበታል። የሚነደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው።”

አዛዡ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። “መኪናው በዚህ ሳምንት ይመጣል” ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ሾፌሩ ፊቱን አዙሮብኝ ዋለ። ሲመሽ ግን ተራው ባይሆንም ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደ።

መኪናው የመጣ ዕለት ካላማዳሪያው እንደገና ሞልቶ ነበር። ግቢው በፀሐይ ነጭ ሆኗል፤ ሰዎች ይጫናሉ። ቱቦው ጫፍ ላይ ከእስክሪብቶ የነቀልኳትን ብረት ሰክቼ ካላማዳሪያውን ተጫንኩ። አዛዡ ክብሪቱን ጭሮ አስጠጋ። ምንም አልታየም።

“አልነደደም” አለ።

“በፀሐይ ነበልባሉ አይታይም፤ እጅዎን ከላይ ያድርጉት።”

አደረገና ወዲያው ሰበሰበው። ጣቶቹን ትንሽ አያቸው። “መምህሩ ይቆይ” አለ ወደ መኪናው ዞሮ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ለቀቁኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አመሰግናለሁ አላልኩም። ጀሪካኑን ለአባ ትቼ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ ወጣሁ። እሳቸውም ሾፌሩም ከእኔ በኋላ በሰላም ተፈቱ።

ዛሬ የመምህራን ሻይ በዚያ ጉድጓድ ጋዝ ይፈላል። ምድጃውን በከፈትኩ ቁጥር እስኪያያዝ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ከዚያ እፎይ እላለሁ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ትኩስ እበት በእኩል ውኃ በጥብጡ፤ ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሙቀት አታሳጡት፤ የመጀመሪያውን ጋዝ አስተንፍሱት። ስትለኩሱት ውጭ፣ ከቤትና ከልጆች ርቃችሁ ይሁን። ክብሪቱን ግን ከሁሉ አብልጦ ለሚጠራጠራችሁ ሰው ስጡት።