ትንፋሽ የማይወደው ሚዛን

ያሰሩኝ በገለባ ምክንያት ነው። ቀልዴን አይደለም። ኮምቦልቻ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ አንድ የስንዴ ገለባ በሐር ክር ከጣሪያው አንጠልጥዬ ነበር። በገለባው አንድ ጫፍ ሰማያዊ የመዳብ ጨው የተሞላ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አስሬያለሁ፤ በሌላው ጫፍ ማመዛዘኛ እንዲሆን ትንሽ ሰም ለጥፌያለሁ። ከቱቦው ጎን ከትልቅ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አለ። ይህን በመስኮት አጮልቆ ያየ ጎረቤት "መምህሩ የሬዲዮ መገናኛ ተክሏል" ብሎ ለቀበሌ ነገረ። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ጊዜ ነው፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

አብዮት ጥበቃዎቹ የመጡት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው፤ የጠመኔው አቧራ ገና ከእጄ አልለቀቀም። ገለባውንም፣ ማግኔቱንም፣ እኔንም ባንድ መኪና ጭነው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ ይዘውን ወጡ። ማግኔቱን ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ዘብ የጠመንጃው ብረት ሄዶ ጥብቅ ሲልበት ክው ብሎ ደነገጠ። "ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?" አለ። ማንም አልሳቀም።

ያስገቡኝ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። የደሴ ጉም በበሩ ስር እየገባ ወለሉን አርጥቦታል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ጎልቶ የታየኝ ፊት የሐጂ ፊት ነበር።

ሐጂ የምላቸው ሸዋ በር አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው፤ አያታቸው ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ ይባላል። ማግኔቱን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ገለባዋንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርናት እሳቸው ሱቅ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን ነው። ትንፋሻችን እያወዛወዛት ሲያስቸግረን የትከሻ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው "ይቺ ሚዛንህ ትንፋሽ አትወድም!" ብለው ስቀውብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ታሰሩ ሲባል ሰማሁ። ለሽፍታ መገናኛ ይሠራል ተብለው ነው።

ወሎ ውስጥ የሚያውቁትን ሰው አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። እንዴት ከረሙ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ እየተባለ ሁሉም ይጠየቃል። እጄ ሳላዝዘው ለሰላምታ ተነሳ። ሐጂ ባዶ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ።

"ሱብሃነላህ! ደግሞ ሌላ ጨመሩብን? መተኛ አለ ብለው ነው?" ብለው አጉረመረሙ።

ሆን ብለው እንደማያውቁኝ መሆናቸው ያኔ ገባኝ። ምክንያቱን አጠገቤ የነበረ እስረኛ ቆይቶ በጆሮዬ ነገረኝ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባለ ሹራብ ጆሮ ጠቢ ነው። ማን ማንን እንደሚያውቅ እያየ ለመርማሪው ያደርሳል። እኔና ሐጂ እንደምንተዋወቅ ከታወቀ ሬዲዮ ሠሪውና ሬዲዮ ተካዩ ተገናኙ ማለት ነው። ሁለታችንም አለቀልን።

መርማሪው ሲያስጠራኝ ገለባዬ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሚዛን ነው፣ ጓድ።"

"ጓድ አትበለኝ! እኔና አንተ የት ነው ጓድ የሆንነው? ምን ይመዝናል?"

እንዴት ብዬ ልንገረው? ኳንተም ኬሚስትሪ ይሉት ነገር ለተማሪዎቼም አልገባ ብሎ ያስለቀሰኝ ነው። የሆነው ሆኖ ሞከርኩ። ሞለኪውል ውስጥ ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ጥንዶቹ አንዱ የሌላውን የማግኔት ጠባይ ያጠፋል። ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ካለ ግን ነገሩ በማግኔት ይሳባል። ይህ የመዳብ ጨው አንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን እንዳለው በስሌት ደርሼበታለሁ፤ እውነት መሆኑን የምትነግረኝ ገለባዋ ናት አልኩት።

"ብቸኛው ማነው? ስሙን ተናገር።"

ጉድ እኮ ነው! ሳቄ ሊመጣ ሲል ዓይኑን አየሁና ዋጥኩት። ሰውየው የምሩን ነው።

"ማግኔቱንስ ማን ሰጠህ?"

"ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ገዛሁት።"

"ትዋሻለህ።"

ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ወደ መጋዘኑ የተመለስኩት በጉልበቴ እየዳህኩ ነው። እስረኞቹ ተነስተው እግሬን በጨው ውሃ አጠቡልኝ፤ ለተገረፈ ሁሉ እንዲህ ይደረግ ነበር። ሐጂ ብቻ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሶላታቸውን ይሰግዱ ነበር፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ይሰማኛል። ባለ ሹራቡ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል። እኔ ከግርፋቱ ይልቅ የሐጂ ድምፅ እንዳይከዳቸው ነበር የፈራሁት።

እግሬ መርገጥ ሲጀምር መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። አጠገቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ካድሬ ሲጋራውን እያጨሰ ተቀምጧል።

"መዳብ በማግኔት እንደማይሳብ ሕፃን ልጅ ያውቃል" አለ መርማሪው።

"ሽቦው አይሳብም። ጨው ሲሆን ግን ይለያል።"

"እንግዲያው አሳየን። ካልተሳበ መገናኛ ነው፤ በራስህ ላይ ፈረድክ ማለት ነው።" ወደ በሩ ዞረና "ያንን ሬዲዮ ሠሪ ሽማግሌ አምጡት፤ እሱ አይቶ ይመስክር" አለ።

ሐጂ ገቡ። ነፍሴ ከእኔ ጋር አልነበረችም። ጠርጥሮ ነው ያመጣቸው ወይስ እንዲሁ ባለሙያ ፈልጎ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

በርጩማ ላይ ወጥቼ ክሩን ከጣሪያው ምስማር አሰርኩ። ቁስሌ በፋሻው ውስጥ ፈነዳ። ወርጄ ገለባዋን ለቀቅኳት። አልቆም አለች። የካድሬው ጭስ ያዞራታል፣ የዘቦቹ ትንፋሽ ይመልሳታል። እንዲህ እየዋለለች ማግኔቱን ባስጠጋ ምንም አይታይም፤ መሞቴ ነው።

ቀና ስል ሐጂን አየሁ። የትከሻ ፎጣቸውን ሰብስበው አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ማንም ያዘዛቸው የለም። እኔ ስለ ትንፋሽ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ገለባዋን ሲያዩ እጃቸው ሱቁ ውስጥ የለመደውን ሠራ፤ እሳቸውም አላወቁትም። ይህቺን ሚዛን ከዚህ በፊት ያየ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ አያደርግም። መርማሪው ገለባዋ ላይ አፍጥጧል፤ ዓይኑን ትንሽ ወደ ግራ ቢያዞር ያልቅልናል።

"አፋችሁን ሸፍኑ!" ብዬ ጮህኩ። "ሁላችሁም! ሲጋራውን አጥፋው! በሩን ዝጉት! የሚተነፍስ እንዳይኖር!"

የወጣው የክፍል ድምፄ ነው፤ ኋላ ወንበር ላይ የሚያወሩትን ልጆች ጸጥ የማሰኝበት። ምን ነካኝ ብዬ ራሴው ደነገጥኩ። ግን ታዘዙ! ካድሬው ሲጋራውን በጫማው ረግጦ በቆቡ አፉን ከደነ። ዘቦቹ በኮታቸው እጅጌ፣ መርማሪው በመዳፉ። የገረፈኝ እጅ ነው፤ አሁን የራሱን አፍ ይዟል። ሐጂ ከነፎጣቸው ከሰው መሃል አንዱ ሆኑ።

ገለባዋ ቀስ በቀስ ረጋች። ማግኔቱን ወደ ሰማያዊው ቱቦ አስጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቱቦዋ በዝግታ፣ እያመነታች፣ ወደ ማግኔቱ ዞረች። ማግኔቱን ሳርቀው ተመለሰች፤ ሳስጠጋው መጣች። ለማወዳደር አብሮ የተያዘውን፣ ብቸኛ ኤሌክትሮን የሌለው የማድቤት ጨው የሞላበትን ሌላ ቱቦ አስሬ ስደግመው አልመጣም። በደስታዬ ፍርሃቴን ለቅጽበት ረሳሁት። ስሌቴ ልክ ነበር!

"ይገርማል" አለ ካድሬው ቆቡን አውርዶ።

መርማሪው ግን አልተገረመም። ወደ ሐጂ ዞረ። "ይሄ ሬዲዮ ነው?"

"ወላሂ ሬዲዮ አይደለም። ሬዲዮ ባትሪ ይፈልጋል፣ ሽቦ ይፈልጋል። ይሄ ገለባ ነው።"

"ሰውየውን ታውቀዋለህ?"

"አንድ ቤት አይደል ያሰራችሁን? ሲያንኮራፋ ነው የማውቀው።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"አላውቀውም።"

በመጀመሪያው ላይ ወላሂ ብለዋል፤ በዚህ ላይ አላሉም። ሐጂ በሐሰት አይምሉም፤ ደሴ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ይሰማዋል። መርማሪው ደግሞ የደሴ ልጅ ነው። ዓይኑን አጠበበ።

"ወላሂ በልና ማል" አላቸው።

ሐጂ አልማሉም። ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ማስተካከል ጀመሩ። እኔ መሬቱን አየሁ።

"ምን ማለትህ ነው ጓድ?" አለ ካድሬው በቁጣ። "በአብዮታዊ ምርመራ ላይ በአላህ ታስምላለህ? የሃይማኖት መሃላ እዚህ ምን ያደርጋል? ይሄን አቁም!"

መርማሪው ፊቱ ጠቆረ። ሁለታችንንም ወደ መጋዘኑ መለሱን፤ መንገድ ላይ አልተያየንም።

የእኔ ጉዳይ ቀዘቀዘ፤ የሐጂ ክስ ግን እንዳለ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፍቶ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባሉ። ይህ ቃል ወደ ቤትም ሊሆን ይችላል፣ ወደማይመለሱበትም። ዘቡ ፊቱን ሲያዞርባቸው የትኛው እንደሆነ አወቅን። ሐጂ አልቸኮሉም። ኮፊያቸውን አስተካክለው ከበሩ አጠገብ ካለው ሰው ጀመሩ። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ስለ እናቱ ጠየቁ፣ ስለ ቤቱ ጠየቁ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ "አፉ በለኝ" ብለው ይቅርታ ለመኑ፣ "አብሽር" ብለው አጽናኑ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ባለ ሹራቡንም አልዘለሉትም፤ እሱ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ዘቡ "ቶሎ በል!" ይላል፤ እሳቸው የሰማ ሰው አይመስሉም።

እኔ ዘንድ ሲደርሱ እንባዬ መጣ፤ ጥርሴን ነከስኩ። እጄን ያዙ። እናቴን ጠየቁ፣ ቤቴን ጠየቁ።

"አፉ በለኝ ልጄ።"

"አፉ ብያለሁ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ። አብሽር።"

እጄን ለቀው ወደ ጎረቤቴ አለፉ። አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ባለ ሹራቡ ሁለታችንንም እያየ ነበር፤ ለመርማሪው የሚያደርሰው ነገር ግን አላገኘም።

እኔን ከብዙ ጊዜ በኋላ "ሂድ" ብለው ለቀቁኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔ ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበትን ስሌት ወጣቶቹ በኮምፒውተር ሻይ እየጠጡ ይጨርሱታል፤ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል። ሰዎች ያኔ ፈርተህ ነበር ወይ ይሉኛል። እንዴታ! ዛሬም በር ድንገት ሲንኳኳ እፈራለሁ።

ባለፈው ደሴ ወጥቼ የሐጂ ልጅ ሞባይል የሚጠግንበት ሱቅ ገባሁ። እሱም ጢሙ ሸብቷል። ስለ አባቱ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

"እርስዎ ወዳጃቸው ነበሩ" አለኝ። "መጨረሻ ላይ ለእርስዎ ብቻ ብለው የነገሩዎት ነገር የለም?"

"የለም" አልኩት። "ለሁላችንም ያሉት አንድ ነው። እኔ በሕይወት የወጣሁት በዚያ ነው።"