ባለመጋዙ ትራክተር ሲመርጥ

ሰው ትራክተር ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው ነገር ይታወቃል። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ ነዳጅ ይበላል ወይ፣ መለዋወጫውስ እንደ ልብ ይገኛል ወይ ይላል። ባለመጋዙ ግን ከኪሱ ሜትር አወጣና ትራክተሮቹ በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ፣ እየተንበረከከ ሾፌር ተረግጦ የሚወጣበትን የመርገጫቸውን ከፍታ ይለካ ጀመር። አርባ ስምንት ሳንቲም። አርባ አራት። ሃምሳ አንድ። ሻጩ ከኋላ ከኋላው ሲከተለው ቆየና በመጨረሻ አላስችል አለው።

"ጋሼ፣ የሚፈልጉት ትራክተር ነው ወይስ መሰላል?"

ባለመጋዙ አልሳቀም። "ዝቅ ያለውን ነው" አለ። "እግሩን ብዙ ማንሳት ለማይችል ሰው።"

ያ ሰው ሚስቱ ነበረች። ሰፈሩ እሱን "ባለመጋዙ" እሷን "ሾፌሯ" ይላቸዋል፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ካለ የመንግሥት መዝገብ ብቻ ነው። ገና በሃያዎቹ ውስጥ ሳለ፣ ከአንድ የሞተር መጋዝና ከሁለት ሸሚዝ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ በአባቷ ደን ውስጥ ዛፍ ሊቆርጥ በቀን ሥራ ተቀጥሮ መጣ። የመጀመሪያውን ዛፍ ጥሎ ቀና ሲል፣ አንዲት ልጅ ትራክተር የኋሊት እየነዳች፣ በግራም በቀኝም አንድ ክንድ በማይሞላ ክፍተት፣ በሁለት ዛፎች መሃል ስታሾልከው አየ። አፉን ከፍቶ ቀረ። "ምን ትገተራለህ? ሰንሰለቱን እሰር እንጂ!" አለችው። ይኸው ዕድሜ ልኩን ሲያስር ኖረ።

የደን ሥራ ዛፍ መጣል ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ዛፉማ ይወድቃል። ጣጣው የሚመጣው ከወደቀ በኋላ፣ ተመልምሎ ግንዱ ከዳገቱ ተጎትቶ መንገድ ዳር ሲወጣ ነው። እሱ ታች ሆኖ ሰንሰለቱን ግንዱ ላይ ያስራል፤ እሷ ትራክተሩ ላይ ሆና ወደ ኋላ ዞራ ታየዋለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሁለቱም ጆሯቸውን ሸፍነዋል፣ ስለዚህ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። መዳፉን ከፍ ካደረገ ጎትቺ፣ ጡጫ ከጨበጠ ቁሚ። አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። እሷ አውራ ጣቷን አንስታ "አይቼሃለሁ" እስክትለው ድረስ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። በዚህች ሕግ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሠሩ ከሁለቱ የአንዳቸውም ጥፍር እንኳ አልተነካም። መሪውን እሱ የሚጨብጠው ትራክተሩን ከመጠለያው ለማውጣት ብቻ ነበር፤ እሱንም ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ፣ በእሷ ስድብ ታጅቦ።

በአንድ ሰሞን ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አሮጌው ትራክተር ሞተሩ ነከሰና መካኒኩ "በቃ አሳርፉት" አላቸው። እሷም ሆዴን ነው እያለች ስትሸፋፍነው የቆየችው ሕመም ጉበቷን እንደጨረሰው ታወቀ። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ "ብዙ ቢባል አራት ወር ነው" ስትል ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ወንበር ላይ ነበሩ፤ እኩል ሰሙ። እሷ ሰማችና አንገቷን ነቀነቀች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ገና ከሆስፒታሉ በር ሳይወጡ "ደህና ትራክተር እፈልግልሻለሁ" አላት።

ከዚያ ወዲህ እሷ ልታወራው ትሞክራለች፣ እሱ ይሸሻል። "ስማኝማ፣ እኔ ስሄድ..." ስትለው "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብሽ" ይላል። በሌላ ቀን ደግሞ ትጀምረዋለች፤ ድንገት እንጨት የመፍለጥ ሥራ ትዝ ይለውና መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ፍልጥ ጓሮው ላይ ተከመረ። እንጨቱ ምን አጠፋ? ሰውየው የሚፈልጠው እንጨቱን አልነበረም።

አንድ ቀን ማዕድ ቤት ውስጥ ጠራትና "እስኪ አምፖሉን አንቺ ጠምዝዢው፣ እጄ ቅባት ነክቶታል" አላት። ከእግሯ ስር ሳጥን አደረገላት፤ ሠላሳ አምስት ሳንቲም። ትከሻውን ይዛ ወጣች። በማግስቱ የሸረሪት ድር አገኘሁ ብሎ በርጩማ አቀረበላት፤ በርጩማው ሠላሳ ስምንት ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እሱም ላይ ወጣች። ባለመጋዙ ደስታው ወሰን አጣ። ሠላሳ ስምንት ሳንቲም መውጣት የቻለች ሴት ለምን ትራክተር አትነዳም?

እናም ያን ቀን በግቢው ውስጥ ሲለካ ሲለካ ውሎ መርገጫው ልክ ሠላሳ ስምንት የሆነ አንድ ትራክተር አገኘ። ለአትክልት ቦታ የተሠራ፣ ትንሽ፣ ቀላል፣ አሻንጉሊት የሚመስል ነገር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ደን ውስጥ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ዞር ብሎም ማየት አልነበረበትም። ልቡ እያወቀ የትራክተሩን መግለጫ ወረቀት ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተና እየሮጠ ወደ ቤት ገባ።

እሷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መነጽሯን አደረገች። ሥዕሉን አላየችም፤ ገልብጣ በቀጥታ ክብደቱ የተጻፈበት ላይ ሄደች።

"አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ?" አለች።

"ቀላል ስለሆነ ለመሪ አያስቸግርሽም ብዬ..."

"አንተ ሰው፣ ያንን የጥድ ግንድ ዳገቱ ላይ ብታስርበት እኮ አፍንጫውን ሰማይ ሰቅሎ በጀርባው ነው የሚገለበጠው! ይሄ ጠፍቶህ ነው?"

"አልጠፋኝም።"

"ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው?"

ባለመጋዙ ጠረጴዛውን በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። "መርገጫው ሠላሳ ስምንት ነው" አለ ቀስ ብሎ።

እሷ መነጽሯን አወለቀች። "በርጩማው ላይ የወጣሁት አንተን ደስ ይበልህ ብዬ ነው" አለችው። "ከወረድኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ። አላየህም?"

አይቷል። አይቶ እንዳላየ ሆኖ ነው የኖረው።

"እኔ አልነዳውም" አለች።

"ማን አለ?"

"ሐኪሟ። አብረን ሰምተናል።"

ባለመጋዙ ከወንበሩ ተነሳና በሩ ጀርባ ያለውን መጥረቢያ ፈለገ። አጣው።

"ሸሽጌዋለሁ። ቁጭ በል" አለችው፤ እውነትም ሸሽጋው ነበር። ሌላ የሚሸሽበት ስላልነበረው ተቀመጠ። "እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ በሽታው መሰለህ? አንተ ነህ። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር የሚታየኝ አንተ ነህ፤ እዚያ ዳገት ላይ ብቻህን፣ እጅህን አንስተህ፣ የሚያይህ ሰው ሳይኖር።"

"ሰው እቀጥራለሁ።"

"ከማን ጋር ልትሠራ? አንተ ከእኔ ሌላ ከማን ጋር ተስማምተህ ታውቃለህ? ሁለት ሰው ቀጥረህ ሁለቱንም በሳምንታቸው አባረሃል።" ይህም እውነት ነበር። "ነገ ውሰደኝ። ትራክተሩን እኔ እመርጠዋለሁ።"

በማግስቱ የእሱን ጃኬት ደርባ፣ በእሱ ክንድ ተደግፋ ግቢው ገባች። ሻጩ ወንበር አመጣላት። እሷ ከወንበሯ ሳትነሳ ጥያቄዋን ታወርድበት ጀመር፤ ክብደቱ ከፊት ስንት ከኋላ ስንት ነው፣ የኋላ ጎማዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ፣ ሆዱ ጉቶ ላይ ቢቀመጥ ምኑ ይመታል፣ ቅርንጫፍ ቢወድቅበት ጣሪያው ይችላል ወይ፣ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል። ሻጩ ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮ ገብቶ ወረቀት አይቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ላቡን ጠረገና፣

"እማማ፣ ሾፌሩ እርስዎ ነዎት እንዴ?" አላት።

"ነበርኩ" አለች።

የመረጠችው ሦስት ሺህ ኪሎ የሚመዝን፣ ጎማው የሰፋ፣ የሾፌሩ ክፍል ዙሪያውን በብረት መረብ የታጠረ ነበር። መርገጫው ሃምሳ ሁለት ሳንቲም ነው። ባለመጋዙ ሳይለካ አወቀው።

ሻጩ ወደ ትራክተሩ ኋላ ወስዷቸው የገመድ መጎተቻውን ያሳያቸው ጀመር። "ይሄ ዊንች በሪሞት ነው የሚሠራው። ይቺን ሳጥን ደረትዎ ላይ ያንጠለጥሏታል፣ ገመዱን ግንዱ ላይ ያስራሉ፣ ራቅ ብለው ቆመው ቁልፏን ይጫናሉ፤ በቃ። ሾፌር የለ፣ ምልክት ሰጪ የለ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል!" ይህን የተናገረው በኩራት ነበር። ሁለቱ ግን ሳጥኗን ትተው እርስ በርስ ተያዩ።

"ይሞክረው" አለች ሾፌሯ።

ግቢው ጥግ ላይ ለማሳያ የተጋደመ ወፍራም ግንድ ነበር። ባለመጋዙ ሪሞቱን አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ ገመዱን ስቦ ግንዱን አሰረ፣ ዞር ብሎ ቆመ። ከዚያም መዳፉን ወደ ላይ አንስቶ እሷን እሷን እያየ ጠበቀ። ግንዱም እንደተጋደመ፣ ዊንቹም እንደቆመ። ሻጩ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንደ ድሮዋ ሳቀች። "ቁልፉን ተጫን አንተ! እኔ ምን ላድርግልህ?" አለችው። ባለመጋዙም ሳቀ።

"እንደገና" አለች።

በሁለተኛው ቁልፉን ተጫነ። ግን እጁ ሲጫን ዓይኑ ወደ እሷ ሮጠ፣ አውራ ጣቷን ፍለጋ። እሷ ሆን ብላ ሁለት እጇን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከታለች። ግንዱ በዚያች ቅጽበት ዞር ብሎ መጣና የሻጩን የብረት አጥር መታው። "እኔን አትየኝ!" ብላ ጮኸችበት፤ በዚያ ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የቀረ አይመስልም ነበር። "ደን ውስጥ ቢሆን ኖሮ እግርህን ነበር! ግንዱን እይ! እንደገና!"

ሦስተኛ ጊዜ አሰረ። ተናዷል፤ በእሷ፣ በሻጩ፣ በራሱ፣ በዚያች ደረቱ ላይ በተንጠለጠለች ቢጫ ሳጥን። ጥርሱን ነክሶ ግንዱን ብቻ አየ። ጫን አደረገ፣ ለቀቅ አደረገ፤ ግንዱ ሲያዘነብል አቆመው፣ ቦታውን ቀየረ፣ እንደገና ሳበው። ግንዱ ተንሸራቶ መጥቶ ዊንቹ ስር ገብቶ ተቀመጠ። ንጹሕ ሥራ ነበር። ባለመጋዙ ገመዱን ፈትቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ተወጣሁት በሚል ኩራት ወደ እሷ ዞረ።

ሾፌሯ ታለቅስ ነበር። ሐኪሟ ያንን ስትነግራት ያላለቀሰች፣ ሕመሙ ሲጠዘጥዛት ያላለቀሰች ሴት፣ በሰው ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል።

"ምነው? አመመሽ?" ብሎ ሮጠ።

"ሳታየኝ ጨረስከው" አለችው።

"አንቺ ነሽ አትየኝ ያልሽው።"

"እኔ ነኝ።" በጃኬቱ እጅጌ ፊቷን ጠረገች። "ይቺን ካየሁ ልቤ ያርፋል ብዬ ነበር። አረፈም። እንዲህ ያመኛል ግን አላልኩም።"

ባለመጋዙ ሪሞቱ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እግሯ ስር ተንበረከከ። ስንት ሳምንት በመጥረቢያ ሲያባርረው የከረመው ነገር አሁን ያዘው። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ጥሎ፣ ማን ያየኛል ሳይል፣ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። እሷ ጸጉሩን ትዳብሰው ጀመር።

"አንቺ ስትሄጂ" አለ በመጨረሻ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር። "አንቺ ስትሄጂ እኔ ማታ ማታ ወደ ቤት ስገባ ምን ልሁን?"

ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣው ሴት ትራክተሩን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ባሏን አየች።

"እሱን እኔም አላውቅም" አለችው።

ሻጩ የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ ከቢሮው ብቅ ብሎ ነበር። ሁለቱን ሲያይ ተመልሶ ገባና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።