ሦስት ስክሪን ሙሉ ሰላምታ

ድረ ገጽ በመሥራት ከደሴ እስከ ቆቦ የሚደርስብኝ አልነበረም። ሌላ ሠሪ ስላልነበረ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ይበሉ። ወልድያ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ፤ በጎን ለነጋዴዎች ድረ ገጽ እሠራ ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ የማልረሳው የአንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴን ነው። ሙያዬን ያበላሸሁትም የተማርኩትም በእሱ ላይ ነው።

ነጋዴውን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በሃያ ዓመት ይበልጡኛል። የፍሬን ሸራ በእጃቸው ዳብሰው የየትኛው መኪና እንደሆነ ይናገራሉ። በማሽተት ብቻ ይለያሉ የሚለውን ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ከጦርነቱ በፊት ልጃቸው ከአዲስ አበባ ደውሎ ያለ ድረ ገጽ ንግድ የለም ስላላቸው ወደ እኔ መጡ። እኔም ያለኝን ጥበብ ሁሉ አፈሰስኩበት። ከላይ ያለ ዕረፍት የሚሽከረከር ጎማ አደረግሁ፤ ከጎማው ሥር ሱቁን በአምስት አቅጣጫ የሚያሳዩ ፎቶዎች፣ እያንዳንዱ የከባድ መኪና መስታወት የሚያክል። ገጹ እስኪከፈት ሐራ ገበያ ወርዶ፣ ፍየል ተከራክሮ ገዝቶ፣ እየጎተቱ መመለስ ይቻል ነበር።

ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የጋሼ ጥፋት ሰላምታው ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ገና ከመግባቱ ምን ፈለግህ አይባልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ የመነሻ ገጹን ጽሑፍ ራሳቸው በወረቀት ጽፈው አመጡልኝ። እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ዝናቡስ እንዴት አደረጋችሁ፣ የታመመውን ይማርላችሁ፣ የሞተውን ነፍስ ይማር። በስልክ ሲታይ ሦስት ስክሪን ሙሉ። ስልክ ቁጥራቸው ከሁሉም ግርጌ፣ ከምርቃቱ ቀጥሎ ተቀመጠ። ያኔ ማንም አልተቸገረም። ደንበኛው ሱቁን እግሩ ያውቀዋል፤ ድረ ገጹ ለጌጥ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ያን ጊዜ በቀልድ የማወራበት አፍ የለኝም፤ እዘለዋለሁ። ለወራት መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ሲያልፍ የጋሼ ሱቅ ባዶ ነበር፤ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል፣ ታፔላውም የለም። ያልተወሰደ ነገር ቢኖር ድረ ገጹ ነው፤ የሚቀመጠው ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነውና። ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ጎማው አሁንም ይሽከረከር እንደሆነ ጠየቁኝ። ይሽከረከራል አልኳቸው። እኛ ቆመን እሱ መሽከርከሩ ገረማቸው።

ጋሼ ከደሴ ጥቂት ዕቃ አስመጥተው መርሳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ባለው የእህታቸው ግቢ በር ላይ እንደገና ጀመሩ። የሚመጣ ግን የለም። የደንበኞቻቸው የሾፌሮቹ ስልክ በዚያ ሰሞን ጠፍቶ ወይም ተወስዶ ነበር፤ የጋሼ ቁጥርም አብሮ ሄዷል። ይባስ ብሎ ጋሼ ሞተዋል የሚል ወሬ ተነዛ። አንድ ሰው ለቅሶ ልደርስ ነው ብሎ የጋሼን ቤት ራሳቸውን ጋሼን ጠየቃቸው፤ እስከ በሩ ሸኙት። ለእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ሾፌሮቹ እሳቸው በሕይወት መኖራቸውን ካላወቁ ያቺ ጥቂት ዕቃ አቧራ ትለብሳለች፤ ሁለተኛ ሱቅ የመክፈት ጉልበት ደግሞ የላቸውም። መኪናው የቆመበት ሾፌር በስልኩ የሱቁን ስም ፈልጎ የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔን ጎማ።

ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ መርሳ ወረድኩ። ጥላ ሥር መኪናውን አቁሞ ማንጎ ለሚበላ ሾፌር ስልኬን ሰጠሁትና የዚህን ሱቅ ቁጥር እንዲፈልግልኝ ለመንኩት። ጋሼና እኔ ከኋላው ቆመን አየን። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ጎማው ዞረ። ሾፌሩ አንዱን ማንጎ ጨርሶ ሌላ ላጠ። ከዚያ ሰላምታው መጣ። ጨዋ ሰው ነውና፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ዝናቡም ደህና ነው እያለ መለሰ። ሁለተኛው ስክሪን ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ሄደ። ስልኬን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

"ሰውየው ደግ ሰው ናቸው። ግን መኪናዬ ተበላሽቶ ቆሞ ቢሆን ይሄኔ ሌላ ሱቅ ሄጃለሁ።"

 ከጋሼ ጋር የእህታቸው ቤት ገብተን ይዤ የመጣሁትን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ጎማውን ነቀልኩ፣ አምስቱንም ፎቶ ጣልኩ፤ የራሳቸውን በግ በፊታቸው እንደምሸልት ሆነው አዩኝ። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ካንድ መጽሐፍ ባገኘሁት ረጅም ቃል ጽፌው ነበር፤ ፍሪሲዮን ብዬ መለስኩት፣ ማንም ሾፌር በሌላ ስም አይፈልገውምና። ሰላምታው ላይ ስደርስ መዳፋቸውን ኪቦርዱ ላይ ጣሉ።

"ይቺን አትነካትም። ሰላም ሳይባባል የሚገበያይ ሌባ ብቻ ነው።"

ስለ ኔትወርክ አስረዳሁ፣ ስለ ሾፌሩ ማንጎ አስታወስኩ፤ አልሰሙኝም። እኔም መከራከሬን ትቼ ወግ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ ቀድሞ ሰላም የሚለው ማነው?"

"የመጣው ነው እንጂ።"

"ይህን ገጽ የሚከፍተውስ?"

መዳፋቸውን ከኪቦርዱ አነሡ። "እሱም የመጣ ነው" አሉ።

"እንግዲህ አንቱ መመለስ ብቻ ነው ያለብዎት። አሉ ወይ ብሎ ነው የሚገባው።"

እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዘው በወረቀት ላይ ጻፉ። "አለሁ። መርሳ ነኝ።" እንዲህ ያለ የመነሻ ገጽ እስከ ዛሬ አልሠራሁም፤ ይህን ስል ለአንድ ጊዜ ሳላጋንን ነው። ቃሉን ከላይ በትልቁ አደረግሁት። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን፣ ግሪስ የነካው አውራ ጣት ሳይስት እንዲደውልበት አግዝፌ። ቀጥሎ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ያለውን ዕቃ በስሙ። በቃ። ሲሪንቃ መንገድ ላይ ኔትወርክ ባንዲት መስመር ብቻ በሚታይበት ቦታ ሞከርኩት፤ ዐይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ተከፈተ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ እኔም አጠገባቸው ሳለሁ፣ የጋሼ ስልክ ጠራ። ውርጌሳ ላይ ከመኪናው ሥር ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ የተሰበረበት ሾፌር ነው፤ የዱሮ ደንበኛቸው። ጋሼ ተነሥተው ቆሙ። የሰረዝኩትን ሦስት ስክሪን ከልጆቹ ጀምረው እስከ ዝናቡ አንድም ሳያስቀሩ በስልክ ወረዱበት። ያም እያንዳንዷን መለሰ፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። ሞተዋል ብለውት አልቅሶ እንደነበር ነገራቸው፤ ገጹን ሲያይ አላመነም።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጥቂት ቆይተው መልሰው አደረጉት።

"እንባህን አስቀምጠው፣ ወደፊት ይሆንሃል። ባሌስትራው የፊት ነው የኋላ?"