በዚነት ጌም ቤት ያላወቅኩት ቃል

ዚነት ቆቦ ላይ ጌም ቤት ስትከፍት ብዙ ሰው ስቆባታል። ጂዳ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የመጣች ሴት ልብስ ትነግዳለች፣ ቢበዛ ምግብ ቤት ትከፍታለች እንጂ፣ ከአስፋልቱ ዳር የነበረ የማሽላ መጋዘን ተከራይታ ወንዶች ኳስ የሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ትደረድራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ማሽኖቹ ሁለት ነበሩ። አሠሪዎቿ ለልጆቻቸው አዲስ ሲገዙ አሮጌዎቹን ሰጧት፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣቻቸው። ጊዜው 2003 ዓ.ም ነው።

እኔ ካሳው እባላለሁ። ያኔ እዚያው ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ዚነት ቬንትሌተር ስለነበራት ከክፍል ስወጣ ፀሐዩ እስኪበርድ እዚያ እገባለሁ። ጨዋታ አልችልም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

ቤቱን የከፈተችው ለወንድሟ ለአብዱሰመድ ብላ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አብዱሰመድ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከአብሮ አደጉ ከአሊ ጋር በአፋር በኩል ወጥተው፣ ኦቦክ ወደብ ላይ ጀልባ ተሳፍረው ወደ የመን ሲሻገሩ፣ የባሕር ዳርቻው ሲታይ ደላሎቹ መሣሪያ ደግነው ሁሉንም ውሃ ውስጥ አስዘለሏቸው። አሊ ዋና አይችልም። አብዱሰመድ እጁን ይዞት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ብቻውን ተመለሰ፣ በቃ።

ከተመለሰ ወዲህ ውሃ ይፈራል። ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እንኳ በእፍኙ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ነው። ክረምት የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማው ጓዳ ገብቶ ጆሮውን በጨርቅ ያስራል። እናታቸው ኡሙሃኒ ጸበልም ዱዓም አልቀራትም፤ ጎረቤት የመከራትን ሁሉ ሞከረች። እሱን የሚያረጋጋው አንድ ነገር ሆኖ የተገኘው ኳስ ጨዋታ ነበር። ጆይስቲኩን ሲይዝ ትከሻው ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይስተካከላል።

እሱም ቢሆን መጀመሪያ አልሆነለትም ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሲጮህ ጆይስቲኩን ጥሎ ይወጣል። ዚነት «ምን ሆንክ?» ብትለው፣ «እንደ ባሕሩ ነው የሚጮኸው» አላት። ዚነት እንግሊዝኛ አታነብም። ሦስት ቀን ሙሉ ማስተካከያው ውስጥ እየገባች አንዱን ስትነካ ሌላውን ስታበላሽ ቆይታ፣ የሕዝቡን ጩኸት ብቻ የሚያጠፋውን ቦታ አገኘችው። ከዚያ በኋላ አብዱሰመድ ሲጫወት ኳሱ ሲመታ ይሰማል፣ ዳኛው ሲያፏጭ ይሰማል፤ ሕዝቡ ግን አፉን ከፍቶ ዝም ይላል። ሌሎቹ ተጫዋቾች «ይሄ የለቅሶ ሜዳ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። እሷ ግን ማንም ማስተካከያውን እንዲነካ አትፈቅድም።

በ2004 ሚያዝያ ላይ፣ ባጃጅ ነጂው ሸረፈዲን ከደሴ አዲስ ሲዲ ይዞ መጣ። የጦርነት ጨዋታ ነው፤ «ፊልም በሉት» እያለ ያሞግሰዋል። ቀትር ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አብዱሰመድ አጠገቤ ተቀምጧል።

ዚነት ሲዲውን ከተተችና ከፈተችው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ጠቆረና ሦስት መስመር ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ።

«መምህር፣» አለችኝ ወደኔ ዞራ፣ «ምንድን ነው የሚለው? ያንብቡልኝ እስቲ።»

አነበብኩት። ከዚህ በኋላ ስላለው ክፍል የሚናገር ነገር ነው፤ «መዝለል» የሚል ቃልም አይቻለሁ። በመሀል ያለውን አንድ ረጅም ቃል ግን አላወቅኩትም። ዓረፍተ ነገሩ ያለሱ አይገባም። ሁሉም ወደኔ ያያሉ። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ከነዚህ ሰዎች ግማሾቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «ይሄን ቃል አላውቀውም» ማለት ምን ነበረበት? አፌ አልታዘዘኝም።

«እንዲሁ የኩባንያ ወሬ ነው፣» አልኩ። «አይ በይውና ቀጥይ።»

«ክፉ ነገር የለበትም?»

«ምን ክፉ ነገር ይኖርበታል!»

«አይ»ን ነካችው። ሸረፈዲን ጆይስቲኩን ተቀበላት።

ለሩብ ሰዓት ያህል ተኩስና ሩጫ ብቻ ነበር። አብዱሰመድ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ጨዋታው መርከብ ውስጥ ገባ። ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ሰው፣ የተቆለፈ በር። ውሃው ከታች መግባት ጀመረ። ጉልበት፣ ደረት፣ አንገት ደረሰ፤ ሰዎቹ ይጮኻሉ፤ አንድ እጅ ከውሃው ወጥቶ መስታወቱን ይመታል። የሕዝቡን ድምፅ ማንም አላጠፋውም። ስፒከሩ ቆርቆሮውን ያርገፈግፈዋል።

ዚነት «አጥፋው! አጥፋው!» ስትል ሰማኋት። ሸረፈዲን ደንግጦ ሌላ ቁልፍ ነካ።

አብዱሰመድ ተነስቶ ቆሞ ነበር። ክንዴን ይዞኛል፤ ጥፍሩ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። «አሊ፣ እጅህን!» አለኝ። ፊቱን አይቼው አላውቅም ማለት እችላለሁ፤ የሌላ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ለቀቀኝና መጋረጃውን ገንጥሎ ወጣ።

በሩና አስፋልቱ መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም። ከዋጃ በኩል ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ፍሬን ሲይዝ ሰማን። ስንወጣ ሽንኩርቱ መንገዱን ሞልቶታል። ሹፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ «ራሱ ነው የገባብኝ፣ ወላሂ ራሱ ነው!» ይላል፤ እውነቱን ነበር። አብዱሰመድን ሸረፈዲንና እኔ ተሸክመን ሚኒባስ ላይ ጫንነው። ወደ ሆስፒታል ስንወስደው ጎብዬን ሳናልፍ ነፍሱ ወጣች። ራሱ ዚነት ጭን ላይ ነበር። ሸሃዳ ታሰማዋለች፤ እኔ እግሩን ይዣለሁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። «መምህር ካሳው እንደ ወንድም ተሸከመው» ይባላል። ኡሙሃኒ እጄን ይዛ መረቀችኝ። ዚነት «የአላህ ቀደር ነው» ብቻ ትላለች። እኔ ግን በተቀበረበት ዕለት ወደ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ ነበር። ያ ረጅም ቃል «የሚያስጨንቅ፣ የሚያሸብር» ማለት ነው። ጽሑፉ ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ ከፊት ያለው ክፍል አንዳንድ ተጫዋቾችን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ መዝለል ይፈልጋሉ? ያለ ምንም ጉዳት ሊታለፍ ይችል ነበር። እኔ ነኝ «አይ» ያስባልኳት።

ሁለት ወር ዝም አልኩ። በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በጀርባ እየዞርኩ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ዚነት ቤቱን መልሳ እንደከፈተች ስሰማ ግን አላስቻለኝም። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም፤ እናትየውም ታማለች። ሄድኩ። ብቻዋን ስፒከሩን ስትጠርግ አገኘኋት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃሉን እንደማላውቅ፣ እንዳፈርኩ፣ መዝገበ ቃላቱን።

ጨርቁን አላስቀመጠችውም። ስፒከሩን መጥረጓን ቀጠለች።

«አያውቁትም ነበር» አለች።

«አላውቀውም ነበር።»

«አላውቅም ቢሉኝ እኮ እከፍተው ነበር እንዴ? አልከፍተውም። እዘጋው ነበር።»

«አፉ በይኝ ዚነት።»

«አፉ ማለቱን ለአላህ ትቼዋለሁ። እኔ አሁን አልችልም።» ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ ከመደርደሪያው አውጥታ ፊቴ አደረገችው። «ይልቅ ቃሉን ይጻፉልኝ። ሌላውንም ይጻፉልኝ። ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም።»

ለአራት ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን አስተማርኳት። ስለ ወንድሟ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ ሻይም አልቀረበልኝም። የማናውቀው ቃል ሲመጣ «አላውቀውም» እላለሁ፤ መዝገበ ቃላቱን አብረን እንገልጣለን። እያንዳንዱን ሲዲ እስከ መጨረሻው እየከፈተች የሚያስፈራው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የቱ እንደሚጠፋ፣ የቱ እንደሚታለፍ ትጽፋለች። በብዙዎቹ ሲዲዎች ላይ ግን ምንም ማጥፋት አይቻልም፤ አያስጠነቅቁም። እነሱን መለየቱ ነበር ከባዱ። ያገኘቻቸውን ሁሉ አውጥታ ካርቶን ውስጥ ከተተች። ገቢዋ በግማሽ ወረደ፤ ወጣቶቹ ሌላ ቤት ሄዱ።

የቀሩትን ከመክፈቷ በፊት እያንዳንዱን ተጫዋች ትጠይቃለች። «ደም አለበት፤ ላጥፋው? ጩኸት አለበት። ውሃ አለበት፤ ልለፈው?» መጀመሪያ ይስቁ ነበር። «ወንድ እኮ ነን፣ ዚነት!» ይላሉ። አንድ ቀን አባይ የሚባል ዛላንበሳ የተዋጋ የቀድሞ ወታደር፣ ጸጥ ያለ ሰው፣ ጆይስቲኩን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ «ተኩሱን ዝም አድርጊልኝ እህቴ፤ ማየቱን እችለዋለሁ» አላት።  ዚነት አጠፋችለት። ከዚያ ወዲህ የሳቀ አላየሁም፤ አንዳንዱማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ የሚፈራውን ይነግራታል።

ይህ ግን ማንንም አላዳነም ማለት ይቻላል። ሸረፈዲን ቁልፉን ስቶ የነካበትን ቀን ሊረሳው አልቻለም፤ በ2006 ባጃጁን ሸጦ በዚያው በኦቦክ መንገድ ሄደ፤ እስከዛሬ ወሬው አልተሰማም። ኡሙሃኒ ልጇ ለምን አስፋልት ላይ እንደሮጠ ሳይነገራት ሞተች። ዚነት በ2009 ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲጫወት ቤቱን ዘጋች።

እኔ ወደ ጎብዬ ተዛውሬ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቼ ዋጃ ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ሻርፕና ሽርጥ ትሸጣለች። «መምህር፣ ደህና ኖት?» አለች። ልጆቼን ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። የነበርንበት ዳስ ሞቃት ነበር። አፉ ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላለችም። ለባለቤቴ ሻርፕ መረጥኩ፣ እሷ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝና ሌላ ሰው ልታስተናግድ ዞረች።